ምዕራፍ 7፦ እጅ ላይ የተተከለች መርፌ አንጎል ውስጥ ምን ትሠራለች?

በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ሥጋማ ቦታ በሌላኛው እጃችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ጫኑት። ከበድ፣ ደንዘዝ የሚል ስሜት ይሰማችኋል። የቻይና ባህላዊ ሕክምና አዋቂዎች ይህን ቦታ «ሄጉ» ይሉታል። ለጥርስ ሕመም፣ ለራስ ምታት፣ ለጭንቀትም ጭምር መርፌ ይተክሉበታል። መርፌዋ ጤና ጣቢያ የምናውቃት ዓይነት አይደለችም። ውስጧ ድፍን ነው፤ መድኃኒት አታስገባም፣ ደም አትቀዳም። ውፍረቷ አብዛኛውን ጊዜ የሚሊሜትር ሩብ ያህል ስለሆነ በጣት ሲነኳት ትለመጣለች። ባለሙያው ከቆዳ በታች ካስገባት በኋላ በሁለት ጣቶቹ ይዞ ቀስ እያለ ወዲህና ወዲያ ያሽከረክራታል፤ ከዚያም 20 ወይም 30 ደቂቃ ያህል ባለችበት ይተዋታል። አኩፓንክቸር የሚባለው ሕክምና በመሠረቱ ይኸው ነው።

ለወገብ ሕመም ወይም ለጉልበት ቁርጥማት ሲሆን ብዙ ሰው አይገርመውም፤ ለድብርት ሲባል ግን ቆም ብሎ ይጠይቃል። ድብርት እንቅልፍ የሚነሳ፣ ምግብ የሚያስጠላ፣ የገዛ ልጅ ሲስቅ እያዩ እንኳ ደስታ እንዳይሰማ የሚያደርግ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በምድር ላይ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች እንዳለባቸው ይገምታል። መድኃኒት ያልያዘች፣ ክር የምታህል ሽቦ ይህን ዓይነቱን ሕመም በየት በኩል ታገኘዋለች?

በምዕራፍ 4 ከጣት ጫፍ የተነሣ መልእክት በአከርካሪ በኩል አንጎል እስኪደርስ ድረስ ያለውን መንገድ ተከትለናል። ባለፈው ምዕራፍ ደግሞ ድብርትን «ሴሮቶኒን የሚባል ኬሚካል አንሶ ነው» ብሎ መዝጋት ለምን እንደማያስኬድ አይተናል። ፍሎክሴቲንን የመሰለ መድኃኒት ሴሮቶኒንን በሰዓታት ውስጥ ይነካል፤ ታማሚው ግን የሚሻለው ከሳምንታት በኋላ ነው። በእነዚያ ሳምንታት አንጎል ውስጥ የሚለወጠው ምንድን ነው? ያን ጊዜ ጥያቄውን አሳድረነው ነበር። ተመራማሪዎች መልሱን ከሚፈልጉባቸው ቦታዎች አንዱ የአንጎል ክፍሎች እርስ በርስ ያላቸው ትስስር ነው። የመርፌውም ጉዳይ የሚገባን ይህን ትስስር ከተረዳን ብቻ ነው።

ከእንጦጦ ላይ የሚታይ ከተማ

በምሽት እንጦጦ ላይ ቆማችሁ አዲስ አበባን ቁልቁል እያያችሁ ነው እንበል። የሰው ድምፅ አይሰማችሁም፣ ስልክ ሲደዋወሉም አታዩም። የሚታያችሁ የየቤቱ መብራት ሲበራና ሲጠፋ ብቻ ነው። አንዱ ቤት ሽሮ ሜዳ፣ ሌላው ቃሊቲ ነው፤ በመካከላቸው ከተማው በሙሉ አለ። ሆኖም የአንዱ መብራት ሲበራ የሌላውም ይበራል፣ ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። አንድ ምሽት ቢሆን አጋጣሚ ነው ትላላችሁ። ምሽቱን ሙሉ፣ በየምሽቱ እንዲህ ከሆነ ግን «እነዚህ ሰዎች የሚያገናኛቸው ነገር አለ» ማለታችሁ አይቀርም።

የአንጎል ተመራማሪዎች «ተግባራዊ ትስስር» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ በሁለት የአንጎል ክፍሎች መካከል ገመድ መኖሩን ሳይሆን ሥራቸው በጊዜ ሂደት አብሮ ከፍ ዝቅ ማለቱን ይለካሉ። መለኪያው ኤምአርአይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሴይጂ ኦጋዋ የተባለው ጃፓናዊ ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር ኦክስጅን የያዘ ደምና ኦክስጅኑን የጨረሰ ደም በማግኔት ፊት የተለያየ ጠባይ እንዳላቸው ተጠቅሞ የአንጎልን ሥራ ማየት እንደሚቻል አሳየ። አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ኦክስጅን የያዘ ደም ይጎርፍለታል፤ መሣሪያው የሚያነበው ያንን ነው። ሰውየው በጠባቡ ቱቦ ውስጥ በጀርባው ተጋድሞ፣ ጆሮው ከማሽኑ ጩኸት ተሸፍኖ፣ ራሱን ሳያንቀሳቅስ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። ማሽኑ በሁለት ሴኮንድ ገደማ አንድ ጊዜ ጠቅላላ አንጎሉን ያነሣል።

መጀመሪያ ላይ ተመራማሪዎች ሰዎችን በማሽኑ ውስጥ አስተኝተው ሥራ ያዟቸው ነበር፦ ጣትህን አንቀሳቅስ፣ ሥዕል እይ፣ ቁጥር ደምር። ሥራ በሌለበት ጊዜ የሚታየውን ቀስ ያለ መዋዠቅ እንደ ጫጫታ ቆጥረው ይጥሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ባራት ቢስዋል የተባለ ያን ጊዜ ገና ተማሪ የነበረ ሰው በአሜሪካ ዊስኮንሲን ያንን «ጫጫታ» ሳይጥለው መረመረው። ሰዎቹ ምንም ሳይሠሩ ተኝተው ሳለ ግራ እጅን የሚያዘውና ቀኝ እጅን የሚያዘው የአንጎል ክፍል በአንድ ዜማ ከፍ ዝቅ ሲሉ አገኛቸው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በዚህ ስልት የማይሠራ የአንጎል ጥናት ክፍል ማግኘት ያስቸግራል፤ ያኔ ግን ብዙዎች አላመኑትም ነበር።

አለማመናቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በከተማው የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ የሺህ ቤቶች መብራት አብሮ ይጠፋል፣ አብሮ ይበራል፤ ሰዎቹ ግን አልተነጋገሩም። በአንጎልም እንዲሁ ነው። ሰውየው ትንፋሹ ቢለዋወጥ፣ ራሱን በሚሊሜትር ክፍልፋይ ቢያንቀሳቅስ፣ የማይገናኙ ክፍሎች የተገናኙ መስለው ይታያሉ። ጥሩ ተመራማሪ ከሥራው ትልቁን ጊዜ የሚያጠፋው ይህን የውሸት አብሮነት ለማጽዳት ነው። ስለ ትስስር በጋዜጣ ስታነቡ ይህን ብታስታውሱ ብዙ ግር ከመሰኘት ትድናላችሁ።

ሥራ ሲጀመር የማይጠፋ መብራት

ማርከስ ሬይክል የተባለው የሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2001 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጽሑፍ ነገሩን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወሰደው። ሰው ሥራ ሲይዝ ዝቅ የሚሉ፣ ሥራ ሲፈታ ከፍ የሚሉ የአንጎል ክፍሎች አሉ። ከግንባር በስተኋላ መካከል ላይ፣ በአንጎል መካከለኛ የኋላ ክፍልና በጎንና ጎን ይገኛሉ። ባለሙያዎቹ «ዲፎልት ሞድ ኔትወርክ» ይሏቸዋል፤ እኛ ለዚህ መጽሐፍ «የዕረፍት መረብ» እንበላቸው። ዕረፍት ይባል እንጂ መረቡ ሥራ አይፈታም። የትናንቱን የምናነሣው፣ የነገውን የምናወጣውና የምናወርደው፣ «ሰዎች ስለ እኔ ምን ያስባሉ?» የምንለው በእሱ ነው። አንጎል የሰውነታችንን ክብደት 2 በመቶ ብቻ ይዞ 20 በመቶ የሚሆነውን ኃይል ይበላል፤ ከባድ ሥራ ስንይዝም ይህ ፍጆታ የሚጨምረው በጥቂቱ ብቻ ነው።

ድብርት ያለበትን ሰው የምታውቁ ከሆነ ማብሰልሰል ምን እንደሆነ አትስቱትም። አንድ ነገር ተናግሮ ይሆናል፣ ወይም አንድ ሰው ሰላም ሳይለው አልፎ ይሆናል፤ ያንን ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ያገላብጠዋል። «ራሴን ያቃጥለኛል» ይላል፤ ሐኪም ቤት ሲሄድም መጀመሪያ የሚናገረው ይህንኑ ሊሆን ይችላል። ሐሳቡን ተው ቢሉት አይችልም። ከእንጦጦ ስናየው፣ ሌሎቹ ቤቶች አጥፍተው ወደ ሥራ ሲወጡ የእነዚህ ቤቶች መብራት ሳይጠፋ ቀርቷል። ኢቬት ሸላይንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳዩት ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ድብርት ያለባቸው ሰዎች የሚያሳዝኑ ሥዕሎች ሲቀርቡላቸው የዕረፍት መረባቸው እንደ ጤነኞቹ ዝቅ አላለም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የስታንፎርዱ ማይክል ግሪሺየስ በግንባር ሥር ጥልቅ ቦታ ያለች፣ ከሐዘን ጋር የምትያያዝ ትንሽ ክፍል ከዕረፍት መረቡ ጋር ከመጠን በላይ ተሳስራ አግኝቷት ነበር። ሕመሙ የቆየባቸው ሰዎች ላይ ትስስሩ የበለጠ ጠንካራ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለጸሐፊ በተመቸ ነበር፤ ግን አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2019 የቻይና ተመራማሪዎች ከ25 የጥናት ቡድኖች የ1,300 ታማሚዎችንና የ1,128 ጤነኞችን መረጃ ሰበሰቡ። ውጤቱ ብዙዎችን አስደነገጠ፤ ድብርቱ በተደጋጋሚ የተመላለሰባቸው ሰዎች ላይ የዕረፍት መረቡ የውስጥ ትስስር ቀንሶ ተገኘ። መቀነሱም መድኃኒት ከመውሰዳቸው ጋር የተያያዘ ነበር። ስለዚህ «ድብርት ማለት የትስስር መብዛት ነው» ወይም «ማነስ ነው» ብሎ በአንድ ቃል መቁረጥ አይቻልም። በአንዱ ቦታ ይጠብቃል፣ በሌላው ይላላል፤ በመጀመሪያውና በአምስተኛው የሕመም ዙር፣ መድኃኒት በጀመረና ባልጀመረ ሰው መካከልም ይለያያል። መርፌው ትስስርን «አጠነከረ» ወይም «አላላ» ሲባል የት? በማን ላይ? ብሎ መጠየቅ ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

መርፌዋ ቆዳ ሥር ስትገባ

ወደ እጃችን እንመለስ። በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ሄሊን ላንዥቫን መርፌዋ ስትሽከረከር ምን እንደሚሆን በማይክሮስኮፕ አይታለች። ከቆዳ በታች ያለው አያያዥ ሕብረ ሕዋስ በመርፌዋ ዙሪያ ይጠመጠማል፤ ባለሙያው መርፌዋን ሲስብ የሚሰማው «ያዝ» የማድረግ ስሜት ከዚህ ይመጣል። ሕብረ ሕዋሱ ሲሳብ በዙሪያው ያሉ የነርቭ ጫፎች ይነቃሉ። ታማሚው ያን ጊዜ ክብደት፣ መደንዘዝ፣ መወጠር፣ አንዳንዴም ሙቀት ይሰማዋል። ቻይናውያኑ ይህን ስሜት «ደ ቺ» ይሉታል፤ ካልመጣ መርፌው አልሠራም ብለው እንደገና ያሽከረክራሉ።

ካትሊን ሁይ በቦስተን በሃርቫርድ ሆና እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመችው ሥራ በእኔ ግምት ከዚህ ዘርፍ ጥናቶች ሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። 13 ጤነኛ ሰዎችን ኤምአርአይ ውስጥ አስተኝታ ሄጉ ላይ መርፌ ተከለችባቸው። ደ ቺ በተሰማቸው 11 ሰዎች ላይ በስሜትና በትዝታ ሥራ የሚታወቁት የአንጎል ጥልቅ ክፍሎች፣ አሚግዳላና ሂፖካምፐስ ጭምር፣ ሥራቸውን ቀነሱ። አሚግዳላ አደጋን ቀድማ የምታሸተው፣ በፍርሃት ጊዜ የምትነቃው ክፍል ናት፤ ሂፖካምፐስ የትዝታ መዝጋቢ ነው። ሁለቱ ሰዎች ግን ከደ ቺ ይልቅ የሚወጋ ሕመም ተሰማቸው፤ በእነሱ ላይ እነዚያው ክፍሎች ሥራቸውን ጨመሩ። ቦታውም መርፌውም አንድ ነው፤ የተለየው የመጣው ስሜት ነው። ቆዳውን እንዲሁ መታ መታ ማድረግ ተመሳሳይ ለውጥ አላመጣም።

ከስምንት ዓመት በኋላ ሩፓሊ ዶንድና ቪታሊ ናፓዶው መርፌው ከወጣ በኋላ ያለውን ጊዜ ለኩ። መርፌው ከአንጓ በላይ በክንድ የውስጥ በኩል ባለች «ኔይጓን» በምትባል ነጥብ ላይ ከተተከለ በኋላ የዕረፍት መረቡ ከስሜትና ከትዝታ ክፍሎች ጋር ያለው ትስስር ተለውጦ ቆየ። መርፌዋ ተነቅላም የመብራቶቹ አበራር ወዲያው ወደ ነበረበት አልተመለሰም። እነዚህ ግን ጤነኞች ነበሩ።

በታማሚዎች ላይ የታየው

እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት ጥናቶች ወጡ፤ የቻይና ሐኪሞችና የሃርቫርዱ ጂያን ኮንግ ባልደረቦች የሠሯቸው ናቸው። በአንደኛው 46 ድብርት ያለባቸው ሴቶች ተሳተፉ። ሁሉም ለስምንት ሳምንት ፍሎክሴቲን ወሰዱ፤ ግማሾቹ ከመድኃኒቱ ጋር እውነተኛ መርፌ፣ ግማሾቹ የማስመሰያ መርፌ ተደረገላቸው። እውነተኛው መርፌ በተደረገላቸው ሴቶች ላይ የግራዋ አሚግዳላ ከፊተኛው ሲንጉሌት ጋር ያላት ትስስር ጨመረ። ሲንጉሌት ከግንባር በስተኋላ ሆኖ የአሚግዳላን ድንጋጤ ለማርገብ የሚረዳ ክፍል ነው። ትስስሩ ይበልጥ ጠንካራ በሆነ ቁጥር የሴትዮዋ የሕመም ነጥብም ይበልጥ ዝቅ ያለ ነበር። የሚፈራውና የሚያረጋጋው ክፍል እንደገና በአንድ ላይ መብራት ጀመሩ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሥራ ጆሮ ላይ ነው። በውጫዊው ጆሮ ላይ ጎድጎድ ያለው ቦታ «ቬገስ» የተባለው ረጅም ነርቭ ቅርንጫፍ የሚደርስበት ነው፤ ይህ ነርቭ ልብንና ሆድን ከአንጎል ግንድ ጋር ያገናኛል። መርፌ ሳይሆን ለስላሳ የኤሌክትሪክ ንዝረት ቢጠቀሙም ሐሳቡ ከጆሮ አኩፓንክቸር የመጣ ነው። ለአራት ሳምንት ሕክምናውን ከጨረሱት 34 ሰዎች መካከል እውነተኛው በተደረገላቸው 18ቱ ላይ የዕረፍት መረቡ ከኢንሱላ ጋር ያለው ትስስር ቀነሰ። ኢንሱላ የሰውነትን ውስጣዊ ስሜት፣ የልብ መምታትንና የሆድ መረበሽን የሚያዳምጥ ክፍል ነው። ማብሰልሰሉና የሰውነት መረበሹ እርስ በርስ እየተቀጣጠሉ የሚያሠቃዩትን ሰው ላየ፣ ይህ ለውጥ ትርጉም ያለው ይመስላል።

በአንዱ ትስስሩ ጨመረ፣ በሌላው ቀነሰ፤ ይህ ግን እርስ በርስ መቃረን አይደለም። የተለካው ሌላ ጥንድ ክፍል ነው። ሕክምናው መብራት ማጥፋት ወይም ማብራት ሳይሆን ማን ከማን ጋር ይብራ የሚለውን ማስተካከል ይመስላል።

መርፌዋ ናት ወይስ የሚተክላት ሰው?

እዚህ ላይ በጣም ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። መርፌ የሚተክል ባለሙያ ያዳምጣል፣ ምላስ ያያል፣ የደም ሥር ይዳስሳል፣ እጁን በታማሚው ላይ ያሳርፋል። ታማሚው ሠላሳ ደቂቃ ማንም ሳያስቸግረው ይተኛል፤ ሳምንቱን የሚጠብቀው ቀጠሮ አለው። ይህ ራሱ አንጎልን አይለውጥም?

ይለውጣል። ሄለን ሜይበርግ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ጥናት በድብርት ለተያዙ ወንዶች ፍሎክሴቲን ወይም መድኃኒት የሌለበት እንክብል ለስድስት ሳምንት ሰጥታ አንጎላቸውን አይታለች። በባዶው እንክብል የተሻላቸው ሰዎች አንጎልም ተለወጠ፤ ለውጡም መድኃኒቱ ካመጣው ጋር በብዙ ቦታ ይደራረብ ነበር። ስለዚህ «አንጎሉ ተለወጠ፣ እንግዲህ መርፌው ሠራ» የሚለው አነጋገር አይይዝም። አንጎል በማንኛውም መሻል ይለወጣል። ጥያቄው መርፌው ከማስመሰያው የተለየ ለውጥ ያመጣል ወይ የሚለው ነው።

ለዚህ ሲባል ልዩ የማስመሰያ መርፌ ተሠራ። የጀርመኑ ኮንራድ ሽትራይትበርገር እ.ኤ.አ. በ1998 ያስተዋወቀው መርፌ ጫፉ ዱልዱም ነው፤ ሲጫን ቆዳውን ሳይበሳ ወደ እጀታው ይገባል። ታማሚው ግን የተወጋ ይመስለዋል። እሱም ቢሆን ቆዳን ይነካል፣ ነርቭ ይቀሰቅሳል፤ ሙሉ በሙሉ «ምንም» የሆነ ማስመሰያ አልተገኘም። ሐኪሙ ደግሞ የትኛውን እንደያዘ ያውቃል። እንክብል ላይ የማይገጥም ችግር ነው።

ሌላው ጉዳይ ቁጥር ነው። ስኮት ማሬክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳዩት በሰዎች መካከል የሚታይን የጠባይ ልዩነት ከአንጎል ትስስር ጋር አስተማማኝ በሆነ መንገድ ለማያያዝ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ያስፈልጋሉ። አንድን ሰው ከሕክምና በፊትና በኋላ ማየት በጥቂት ሰዎችም ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም 46 እና 34 ትንሽ ቁጥሮች ናቸው። እኔ ውጤቶቹን አቅጣጫ ጠቋሚ አድርጌ እወስዳቸዋለሁ። ማረጋገጫ ናቸው ብሎ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ይጎዳል፤ ከንቱ ናቸው የሚልም ያለውን መረጃ አላየም።

ትስስሩን ትተን ሰዎቹ ተሻላቸው ወይ ብለን ከጠየቅን ትልልቅ ጥናቶች አሉ። በእንግሊዝ ሰሜናዊ ክፍል ሂዩ ማክፈርሰን የመራው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ሙከራ 755 ሰዎችን ያካተተ ነበር። የተለመደው ሕክምናቸው እንዳለ ሆኖ አንዳንዶቹ እስከ 12 ሳምንታዊ የመርፌ ሕክምና፣ ሌሎቹ የምክር አገልግሎት፣ የቀሩት ምንም ተጨማሪ ሳያገኙ ቆዩ። በሦስተኛው ወር መርፌውን ያገኙትም ምክሩን ያገኙትም ምንም ካላገኙት የተሻለ ሁኔታ ላይ ነበሩ፤ በሁለቱ መካከል ግን ያለ ጥርጥር የሚታይ ልዩነት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 64 ሙከራዎችንና ከ7,000 በላይ ሰዎችን አንድ ላይ አይቶ፣ መርፌው የድብርትን ክብደት ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን የማስረጃዎቹ ጥራት ዝቅተኛ ነው አለ።

ይህን ሕክምና ለሚያስብ ሰው

ለእኛ አገር አንባቢ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የቻይና የሐኪሞች ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ሲመላለስ ቆይቷል፤ በአዲስ አበባ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም የቻይና ሐኪሞች በመርፌ ያክማሉ። በውጭ የምትኖሩ ደግሞ በየሰፈራችሁ ታገኙታላችሁ።

ከላይ ካየናቸው የታማሚዎች ጥናቶች አንዳንዶቹ መርፌውን የሞከሩት ከመድኃኒት ወይም ከተለመደው ሕክምና ጋር አብሮ ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው መርፌ ስለጀመረ ብቻ መድኃኒቱን በድንገት ቢያቆም ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል፤ መቀነስም ካስፈለገ ከጻፈለት ሐኪም ጋር ተነጋግሮ ቀስ በቀስ ነው። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚሄድበት ቦታ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ወይም ድንገተኛ ክፍል ነው፤ መርፌው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። መርፌዋ ከታሸገ ፖስታ ፊታችሁ ወጥታ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግላ መጣል አለባት። ደረት ላይ መርፌ የሚተክል ባለሙያ ደግሞ በቂ ሥልጠና ያለው መሆኑን ጠይቁ፤ እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆንም በጥልቀት የገባች መርፌ ሳንባ ልትበሳ ትችላለች። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ መርፌው ከመጀመሩ በፊት ተናገሩ። ለሚተክለው ባለሙያ ስለ መድኃኒታችሁ፣ ለሐኪማችሁም ስለ መርፌው ንገሩ፤ ሁለቱ ሳይተዋወቁ አንድን ታማሚ ሲያክሙ፣ ሕመሙ ሲብስ የትኛው ምን እንዳመጣ የሚያውቅ አይኖርም።